ከጀርባ የሚሠራው

የካ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ አደራ ለሙዘይን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ያለህበት አገር ብርዱ ሳይጎዳህ፣ ሰዉ ሳይከፋብህ፣ አላህ በእዝነቱ ሸፍኖ ያቆይህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን፤ ከቤታችን የጎደለ ነገር ቢኖር አንተ ነህ።

ጽሑፌን አይተህ እንዳትስቅብኝ። በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ነው የምጭረው። ሰርተፊኬቴን ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ክርና ቁልፍ ሊገዛ የሚገባ ሁሉ ሳያነበው አይወጣም። ሰው ላስጽፍ ብል ደግሞ የቤቴ ገበና ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድም ቻለው።

ትናንት መውሊድ ነበር። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ኮምፒዩተር የሚያዘው ልጅሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል። ኮራሁ፤ ምን ይደረግ፣ እህቴ ሞታ በአንቀልባ አዝዬ ያሳደግሁህ ነህ። ግን ኩራቱ ሆዴ ድረስ አልገባም። ምክንያቱን ልንገርህ።

የልጄን የአብዱልናስርን ደረት ታውቀዋለህ። ጥቅምት ሲጠባ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አፍኖ ይይዘዋል፤ ትንፋሹ እንደ አሮጌ ወናፍ ይጮኻል። አምና ዓመቱን ሙሉ በየሆስፒታሉ ስንመላለስ ከርመን፣ ጳጉሜን 2 ቀን የሐኪሞች ቦርድ «ለብሔራዊ ውትድርና ብቁ አይደለም» ብሎ ማህተም የመታበት ወረቀት ሰጠው። እልል አልኩ። አንድ ልጄ ነው፣ ሌላ የለኝም። ወረቀቱንም ወስዶ አንተ ጎትተህ ላስገባኸበት መሥሪያ ቤት፣ ለጋራዡ አስተዳደር አስረከበ።

እንግዲህ መስከረም 30 የጋራዡ በር ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። ዕድሜያቸው ለግዳጅ የደረሰና ነጻ የሚያደርግ ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች ዝርዝር ነው። የአብዱልናስር ስም አለበት! በየወሩ በ30 ይወጣል አሉ። ሦስት ወር ተከታትሎ ስሙ የወጣ ሰው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ማሠልጠኛ ነው። አንዱ ወጣ፣ ሁለት ቀረው።

የድሮ አለቃህን አቶ ወልደ ሐዋርያትን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ሰጡኝ። «ወይዘሮ ሱልጣና፣ ወረቀቱ ደርሶናል፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥም አስገብተነዋል። ዝርዝሩን የሚያወጣው እሱ ራሱ ነው፣ እኛ እጃችን የለበትም። እሱን ደግሞ እንዲህ እንዲያደርግ ያስተማረው የእርስዎ ልጅ ነው» አሉኝ።

አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ይህ ያንተ ነገር ወረቀቱን አይቶ እንዳላየ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት መውጫ ላይ ያሉትን ወይዘሮ የሺመቤትን ታውቃቸዋለህ። ልጃቸው ቀጀላ እዚያው ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ወገቡን ታሞ በዚያው ሰሞን እሱም ወረቀት አግኝቶ ነበር። የሱም ስም ወጣ። እናቱ ሁለት ቀን አላደሩም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ መሪ ገጠር፣ አያቱ አቶ ዱቤ ዘንድ፣ ለአጨዳ ላኩት። አጨዳ ነው የምልህ፤ ገብቶሃል። አቶ ዱቤ «ያንቺንም ላኪልኝ፣ ገብሴ ብዙ ነው» ብለውኛል። አብዱልናስር ግን «ወረቀት እያለኝ ምን ያስሸሸኛል?» ይላል፤ አጨዳውን ማለቱ ነው። ያንተን ቃል ካልሆነ የማንንም አይሰማም። ይሂድ ወይስ ይቅር? የምትለውን አደርጋለሁ።

በአፍ የሚነፋውን የደረት መድኃኒት ካገኘህ ላክለት። እዚህ ጠፍቷል። አንተም እንዳትራብ፣ ብላ።

ባትወልድህም እናትህ የሆነችው
ሱልጣና


ላይፕዚክ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለወይዘሮ ሱልጣና፤

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤዎ በሃያ ቀኑ ደረሰኝ። የእጅ ጽሑፍዎ ከኔ ይበልጣል፤ አብረውኝ ለሚኖሩት ሐበሾች አሳይቼ ኮራሁበት። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ሱቅዎንም በረካ ያድርገው። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ከተማ ሰሞኑን ሰኞ ሰኞ ሕዝቡ ሻማ ይዞ አደባባይ ይወጣል፤ ስለሱ ብዙ ባልጽፍ ይሻላል።

ስለ ፕሮግራሙ አይጨነቁ። እንዴት እንደተሠራ ልንገርዎ። መጀመሪያ ሲሠራ ሁሉን ነገር ስክሪኑ ላይ እያሳየ ነበር፤ ስሙን እየጠራ፣ ያልገባውን እየጠየቀ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ግን ፊደል ሲሯሯጥ ባዩ ቁጥር «ተበላሸ!» ብለው ሶኬቱን ይነቅሉታል። ሦስት ጊዜ ነቀሉብኝ፤ የወር ሥራ ገደል ገባ። በመጨረሻ ተናደድኩና ሥራውን ሁሉ ከጀርባ እንዲሠራ አደረግሁት። አሁን ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። የሚከፈት የለ፣ የሚዘጋ የለ። ወሩ ሲያልቅ ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ መዝገቡን ያነባል፣ ዝርዝሩን በፕሪንተር አውጥቶ መልሶ ይተኛል። እሳቸውም የሚነቅሉት ነገር አጡ። እዚህ ላስተማሪዬ ስነግረው አጨበጨበልኝ።

ስለዚህ አይሳሳትም። አይደክምም፣ ጉቦ አይበላም፣ ዘመድ አይለይም። የአብዱልናስር ስም ከወጣ ወረቀቱ በትክክል አልገባም ማለት ብቻ ነው። መዝገቡን የምትጽፈው ፋዲላ የምትባል ልጅ ናት፤ ጠንቃቃ ናት፤ እንደገና ታስገባው ይበሏት። ያልቃል።

አጨዳውን በተመለከተ፣ በፍጹም አይሂድ። ሕጋዊ ወረቀት ያለው ሰው ከሥራው ከተሰወረ ወረቀቱ ሐሰት ይመስላል፤ ሥራውንም ያጣል። የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ የፈለገውን ያድርግ። አብዱልናስርን «ሙዘይን ብሏል» ይበሉት፣ ይሰማዎታል።

መድኃኒቱን ሁለት አግኝቼ ልኬያለሁ።

ልጅዎ
ሙዘይን


የካ፣ ኅዳር 13 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለሙዘይን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ያሰብከውን ሁሉ ያሳካልህ። ደብዳቤህ ከገባ አምስት ቀን ሆነው። ይህችን ደግሞ ነገ ወደዚያው አገር ለትምህርት የሚበረው ሰሎሞን፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ይዞልኝ ይመጣል። በፖስታ ከላክሁት ጊዜው ያልቅብኛልና። ሁለተኛው ዝርዝር ጥቅምት 30 ወጣ፤ ስሙ አለበት። ኅዳር 30 ሦስተኛው ነው።

ፋዲላን አግኝቻታለሁ። አበባ የመሰለች ልጅ ናት፣ አላህ ይባርካት። ያልከውን ነገርኳት፤ ዓይኔ እያየ እንደገና አስገባችው። «እትዬ፣ ይኸው ተቀበለው፤ ትንፍሽም አላለ» አለችኝ። አለመተንፈሱ ነው እኮ የጨነቀኝ!

እና አንተ ከጀርባ ነው የሚሠራው አላልክም? ሦስት ቀን አሰብኩበትና ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። አትሳቅ! አገሩ እንዲህ ነው፤ ጉዳይ ሲጠናብህ አማላጅ ይዘህ ትሄዳለህ። ከመስጊድ አቶ አብደላን፣ ከዕድራችን ደግሞ አቶ ፀሐዬን ይዤ «ከማሽኑ ጀርባ ከሚቀመጠው ሰው አገናኙን» አልን። አቶ ወልደ ሐዋርያት ሳቅም ለቅሶም ተናነቃቸው። ክፍሉን ከፍተው አስገቡን። ከማሽኑ ጀርባ ግድግዳ ነው ያለው። ፊቱም ጥቁር መስታወት ነው፤ ጎንበስ ብል የራሴን ፊት አየሁ። አቶ አብደላ ቆመው ቆመው «እንግዲህ ማንን ነው የምንለምነው?» አሉ።

ሙዘይን፣ እኔ በዕድሜዬ የቀበሌ ሊቀመንበር ለምኛለሁ። ዘበኛ ለምኛለሁ። በዚያ በክፉ ዓመት ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ እግር ላይ ወድቄ ነፍሱን ይማረውና ባሌን አስፈትቻለሁ። ሰው ስለሆነ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የለመንኩት። ይሄን ያንተን በየት በኩል ልለምነው? አንተ ታውቀው የለም እንዴ፤ አንተ ለምንልኝ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ይጥቀምህ አይጥቀምህ አላውቅም። ወረቀት እያላቸው ስማቸው የወጣው ሦስት ናቸው። አብዱልናስር፣ ቀጀላ፣ ጉደታ የሚባል ሹፌር። ሦስቱም ወረቀታቸውን ያገኙት ጳጉሜን ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያገኙት አንዳቸውም አልወጡም። የሺመቤት ናት ይህን ያስተዋለችው፤ እሷ መቼም ነገር አያመልጣትም።

አብዱልናስር አጨዳ አልሄደም። «ሙዘይን ብሏል» አልኩት፤ «አላልኩሽም!» ብሎ ሳቀ። መድኃኒቱ ደርሶታል፤ ሲነፋው ደረቱ ረገብ ይልለታል። አንተን ያመሰግናል።

እኔ ግን እህል አልወርድ ብሎኛል። ቶሎ በል።

ሱልጣና


ቴሌግራም፣ ከላይፕዚክ፣ ኅዳር 21 ቀን

ጳጉሜንን አያውቅም ስህተቱ የኔ ነው የአብዱልናስርን ወረቀት መስከረም 1 ብላችሁ አስገቡ ሙዘይን


ላይፕዚክ፣ ኅዳር 21 ቀን 1982 ዓ.ም.

አክስቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ነው። ሰሎሞን ሌላ ከተማ ተመድቦ ስለነበር ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። «ጳጉሜን» የሚለውን ሳነብ የፕሮግራሙን ወረቀት አውጥቼ ወሮቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ልኬያለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ሳይደርስ ይደርሳል።

የሆነው ይህ ነው። የመሥሪያ ቤቱን የደመወዝ ፕሮግራም አስቀድሞ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ጳጉሜን ደመወዝ የለውም፤ የመንግሥት ሠራተኛ አሥራ ሁለት ወር ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ወሮቹን እስከ አሥራ ሁለት ቆጥሬ አቆምኩ። የግዳጁን ዝርዝር ስሠራ የቀን መቁጠሪያውን ከዚያው ቀዳሁት። የየካ ልጅ ሆኜ፣ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲመጣ እርስዎ ቤቱን ሲያስለቀልቁ እያየሁ አድጌ፣ አሥራ ሦስተኛውን ወር ረሳሁት። ጳጉሜን የተጻፈበት ወረቀት ለሱ የለም። ወረቀት እንደሌለው ሰው ይቆጥረዋል።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝን ልንገርዎ። የማያውቀው ወር ሲያጋጥመው «ይህ ቀን ትክክል አይደለም፣ ሰው ይየው» ብሎ እንዲጽፍ አድርጌው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እየጻፈ ነው። ግን ስክሪኑን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ፋዲላ ትንፍሽም አላለ ያለችው እኮ እየጮኸ ነው፤ የሚሰማው ግን የለም። አስተማሪዬ ሲያጨበጭብልኝ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ፤ እሱም ጳጉሜንን አያውቅም።

ለፋዲላ ይህን አጥብቀው ይንገሯት። በ30 ጠዋት ብትነካው አይጠቅምም። የሚነሳው በ29 ማታ፣ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ መዝገቡን ያኔውኑ አንብቦ ይጨርሳል፤ በማግስቱ ጠዋት የሚያደርገው ማተም ብቻ ነው። ስክሪኑ ባዶ ስለሆነ ገና ያልጀመረ ይመስላታል። እስከ 29 ቀትር ድረስ አስገብታ ትጨርስ።

በቴሌግራሙ ላይ ስለ አጨዳው መጻፍ ፈራሁ፤ ብዙ ዓይን ያልፍበታል። ግን አብዱልናስር ይሂድ። ዛሬውኑ ይሂድ። መሪ ይሂድ፣ ከአቶ ዱቤ ዘንድ ከቀጀላ ጋር ይጨድ። ያልኩትን ሁሉ ይርሱት። «ሙዘይን ብሏል» ይበሉት፤ የአሁኑን ነው፣ የበፊቱን አይደለም።

ስልክ ለመደወል ሁለት ቀን ወረፋ አለ። እዚህ ድንበሩ ተከፍቷል፤ ከተማው ተገልብጦ ወደ ምዕራብ ይጎርፋል፤ አስተማሪዬም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄዷል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜአለሁ።

ሙዘይን


የካ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ሙዘይን፤

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ታኅሣሥ 14።

ቴሌግራምህ የገባው ኅዳር 25 ነበር። በፈረንጅ ፊደል ስለተጻፈ ለፋዲላ አስነበብኳት። እንደ ጨረሰች ከወንበሯ ብድግ ብላ «ይሄ እኮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው!» አለች። እኔም አልቅሼ ሳምኳት። አቶ ወልደ ሐዋርያት ግን እጃቸውን አወዛወዙ። «የቦርድ ማህተም ያለበት ወረቀት ጳጉሜን 2 ይላል። እኔ መስከረም 1 ብዬ ባስገባ ሰነድ ደለዝክ ተብዬ እስር ቤት የምገባው እኔ ነኝ። አምስት ልጅ አለኝ ወይዘሮ ሱልጣና» አሉ። ቦርዱ ቀኑን እንዲለውጥ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ በእጄ ይዤ ወሰድኩት። በሳምንት ተመለሺ አሉኝ።

አብዱልናስርን ለመንኩት። «ኧረ በአላህ፣ መሪ ሂድልኝ» አልኩት። «ሙዘይን አይሂድ ብሎ የለም? ደግሞም ስህተቱ ተገኘ፣ ቴሌግራሙ መጣ፣ አሁን ምን ቀረ?» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበለው? ወረቀቱን አምኖ፣ አንተን አምኖ ቀረ።

ኅዳር 30 ቅዳሜ ዋለ። ቅዳሜ ስለሆነ አቶ ወልደ ሐዋርያት አልገቡም። ፋዲላ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ቢሮው እንደተከፈተ ብቻዋን ተቀምጣ መስከረም 1 ብላ አስገባችው። ስክሪኑ ባዶ ነበር። ገና አልጀመረም ብላ ደስ አላት። ሱቄ ድረስ መልእክት ላከችብኝ፤ እኔም ለሰደቃ ዳቦ ገዛሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ከፕሪንተሩ ወጣ። ስሙ ሰባተኛ ነው።

ለካ ማታውን አንብቦ ጨርሶ ኖሯል። ይህን ያወቅነው ዛሬ ካንተ ደብዳቤ ነው። ፋዲላ ሰኞ ጠዋት ፈርታ ቀኑን እንደ ነበረው መልሳዋለች። አልፈርድባትም፤ እሷም እናት አላት።

ሰኞ ታኅሣሥ 2 ከጋራዡ ወሰዱት። ጉደታንም ወሰዱት። አብዱልናስር ወረቀቱን አሳያቸው። «ዝርዝሩ የመጣው ከራስህ መሥሪያ ቤት ነው» አሉት። ከፍተኛው በር ላይ ሄጄ አንዲቷን መድኃኒት ለዘበኛው ሰጠሁት፤ ይስጠው አይስጠው አላውቅም። መኪናው ላይ ሲወጡ ሳል ሰማሁ፤ የሱ ይሁን የሌላ አልለየሁትም።

ያንተ ጥፋት ነው ብዬ አልጽፍም። አይደለም ብዬም አልጽፍም። ተናድጄብሃለሁ። ገንዘብ እንዳትልክ። ሌላም ነገር እንዳትልክ።

ሱልጣና


ላይፕዚክ፣ ጥር 8 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። አላህ ለልብዎ ሰብርን፣ ለአብዱልናስርም ጤናን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው፤ ስጀምር ስቀድ፣ ስጀምር ስቀድ ቆየሁ።

ይቅር ይበሉኝ ማለት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ይቅር የሚባለው ጥፋት ሲያልቅ ነው፤ ይህ አላለቀም። የት እንዳለ ያውቃሉ? የጦር ክፍሉን ነግረዋችኋል? ደብዳቤ ጻፈ? ደረቱስ? የክፍሉን ቁጥር ቢልኩልኝ ለምን እንደምፈልገው እንኳ አላውቅም። ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ። እዚህ በትምህርቴ የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም።

ወደ አገር ቤት የሚመለስ አንድ ሐኪም አግኝቼ ለፋዲላና ለአቶ ወልደ ሐዋርያት ወረቀት ልኬያለሁ። ፕሮግራሙ ላይ የምትጨምረው ሦስት መስመር ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛውን ወር ያውቃል። ያልገባው ነገር ካለም ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ አቶ ወልደ ሐዋርያት ሶኬቱን እንዳይነቅሉ ለምኜአቸዋለሁ። ማንም ሰነድ መደለዝ የለበትም። ከጥር 30 ጀምሮ ወረቀት ያለው ሰው ስሙ አይወጣም፤ ቀጀላም ከአያቱ ቤት መውጣት ይችላል።

ሦስት መስመር። አምና ብጽፋቸው ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነበር።

አትላክ ስላሉኝ ምንም አልላኩም። ትንሽ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

ሙዘይን


የካ፣ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙዘይን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ባለፈው ሰላምታ ነፍጌህ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሰላምታ የሱ ነው፣ የኔ አይደለም። ያለህበት ቤት ይሙቅልህ፤ ክፉ አይንካህ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አብዱልናስር አልጻፈም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወደ ሰሜን ሲጓዙ አይቻለሁ ብሎ ለጉደታ ሚስት ነግሯታል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ቀበሌ ጠየቅሁ፤ የሄዱት መዝገብ ከፍተኛው ዘንድ ነው አሉኝ። ከፍተኛው ወደ ክፍሉ ሂጂ አለኝ። ክፍሉ የት ነው ብል ምስጢር ነው አሉኝ። ስሙን በወረቀት ላይ አሳዩኝ፣ ፊደል አውቃለሁ፣ ላንብበው ብዬ ለመንኩ፤ ሳቁብኝ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኛለሁ።

ታኅሣሥ 30 ምን እግር እንደጣለኝ እንጃ፣ ጋራዡ በር ላይ ተገኘሁ። ዝርዝሩ ተለጥፏል። አነበብኩት። አብዱልናስር! ደመወዙ ቢቋረጥም ከሠራተኛ መዝገብ አልተሰረዘም፤ ያንተ ነገር ልጁ እንደተወሰደ ማን ይንገረው? ዛሬም ወረቀት የለውም እያለ ይጠራዋል። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ ተራ ቁጥር አምስት። ሙዘይን፣ ከሄደ ወዲህ የልጄን ስም ተጽፎ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። በጣቴ ነካሁት። ዘበኛው እስኪያባርረኝ ድረስ ቆምኩ። እቤት ስገባ ያን ዕለት እህል ወረደልኝ።

ጥር 30ን ስጠብቅ ከረምኩ። ሱቄን ዘግቼ፣ የደህና ቀን ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። መነጽር የያዘ ሰው ለምኜ እንደገና አስነበብኩ። የለም። ፋዲላ በመስኮት አይታኝ እየሮጠች ወጣች፤ «እትዬ፣ ሠራ! የሙዘይን ሠራ! እንኳን ደስ ያለዎት!» ብላ አቀፈችኝ። ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና አፏን ያዘች።

ቀጀላ ስሙ ከዝርዝሩ ስለጠፋ የሚፈልገው ቀረና ትናንት ከመሪ ተመለሰ። ፀሐይ አክስሎት፣ ወፍሮ መጣ። የሺመቤት እልልታዋ እኛ ሰፈር ድረስ ተሰማ። ሄጄ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፤ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ሁለታችንም ስለሌላ ነገር አወራን። ልጇ ወጥቶ እጄን ሲስመኝ ትንፋሹ ጥርት ያለ ነበር። በሱ አልቀናሁም ብዬ አልዋሽህም።

ስድብ ጻፊልኝ ብለሃል። የለኝም፤ አለቀብኝ። እኔም እኮ «የምትለውን አደርጋለሁ» ብዬ የጻፍኩልህ እናት ነኝ፤ ልጄን በገዛ እጄ ለደብዳቤ አሳልፌ ሰጠሁ። ጥፋቱን ለብቻህ አትሸከመው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ ነው፤ ስትስቅም ስታለቅስም እንዳትዘገይብኝ። ያስተካከልከውን አታፍርሰው፤ የሰው ልጅ ድኖበታል። ግን አንተ ማንም ሳይነካው ከጀርባ የሚሠራ ነገር መሥራት ታውቃለህ። ሌላ ትንሽ ሥራልኝ። የአብዱልናስርን ስም ብቻ በየወሩ በ30 የሚያወጣ። ከሥሩ ምንም አይጻፍበት፣ ስሙ ብቻ ይውጣ። ሌላ ሰው ባያየውም ግድ የለኝም፤ እኔ ሄጄ አነበዋለሁ።

ሱልጣና